ከባንኮኒው ጀርባ፦ የወረር ባጃጅ ስንት ሚሊሜትር ጉሮሮ ይበቃዋል?

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው አይደለም። በመለዋወጫ ሱቅና በጋራዥ መሃል የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለደንበኛ ግን አፍ አውጥቶ የሚነግር የለም። ባጃጃችሁ ጉልበት አጣ ብላችሁ ስትመጡ ትልቅ ካርቡራተር የሚታሰርላችሁ ሞተሩ ትልቅ ስለፈለገ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ ነው።

አፋር ውስጥ መልካ ወረር፣ እኛ ወረር የምንላት፣ የሚደርሰው መለዋወጫ ከአዲስ አበባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ ነው የሚወርደው። አከፋፋዩ በካርቶን የገባለትን ይሰጣል፤ የእኛ ሰው የተሰጠውን ጭኖ ይመጣል። ከመጣው ውስጥ ለሞተር ሳይክል የተሠሩ፣ 26፣ 27 ወይም 30 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ካርቡራተሮች ይበዛሉ። የብሎኑ ቀዳዳ ገጠመ ወይም ጎማው ተጠምዞ ገባ ማለት "ይሆናል" ማለት ነው። ባንኮኒው ላይ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

"አለቃ፣ ሦስት ሰው ስጭን አልነሣ አለኝ።"

"ካርቡራተሩ ደክሟል ወንድሜ። ይኼን እሰር፤ ጉሮሮው ሰፊ ነው።"

"ነዳጅ አይበላም?"

"ትንሽ ነው። ጉልበቱን ስታየው ራስህ ትመሰክራለህ።"

"ትንሽ ነው" የምትለዋን ልብ በሉ። ሻጩ ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው ሞተሩ ላይ ታስሮ ከሄደ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አይከታተልም። የሚከታተለው ማታ ላይ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ አስረክቦ የቀረችውን የሚቆጥረው ሹፌር ነው። እሱ ደግሞ ቤንዚን የጨመረበትን ምክንያት ከመንገዱ፣ ከሙቀቱ ወይም በላስቲክ ጠርሙስ ከገዛው ቤንዚን ያመጣዋል እንጂ አዲስ የገዛውን ዕቃ አይጠረጥርም።

መካኒኩስ? መካኒኩ ያውቃል። ግን አንድን ካርቡራተር በትክክል ማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። መፍታት አለ፤ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአየር መንፋት አለ፤ የፍሎቱን ከፍታ መለካት፣ መርፌውን ማየት፣ መልሶ ገጥሞ መንገድ ላይ መሞከር አለ። ለዚህ ግማሽ ቀን ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ጥቂት ነው። አዲሱን ማሰር ግን አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ደንበኛው ሳይከራከር ይከፍላል፤ አንዳንድ ቦታ ሱቁም ለላከለት ሰው ኮሚሽን ያስባል። የወለቀው አሮጌ ካርቡራተር ጋራዡ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ምንም ያልሆነ ዕቃ ነው፤ ታጥቦ ሌላ ሰው ሞተር ላይ ሲሠራ ታዩታላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ የወለቀላችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ የሚል ነው። የእናንተ ነው፤ ልኩንም የምታገኙት እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የባጃጅ ካርቡራተር ቤንዚንን የሚገፋበት ፓምፕ የለውም። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፤ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ከታች በፍሎቱ ቤት የተጠራቀመው ቤንዚን ላይ ያለው የውጭ አየር ግፊት ከፍ ያለ ስለሆነ ቤንዚኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቤንዚኑ ጄት በምንላት ትንሽ የናስ ቀዳዳ ተመጥኖ ይወጣና በነፋሱ ተመትቶ ጉም ይሆናል። የመስኖ ሆስ ጫፍ በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃው ፈጥኖ እንደሚረጨው ነው፤ ጣቱ ከተነሣ ውሃው ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ጉሮሮው ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ የሚስበው ቤንዚን በጉም ፈንታ በጠብታ ይመጣል። ጠብታው ማኒፎልዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ያልተቃጠለው በማርሚታ ይወጣል፣ ከፊሉም ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ፋሻውን ያስበላል።

ስንት ነው የሚዘገየው? ባጃጃችሁ ባለ አራት ምት፣ ወደ 200 ሲሲ የሚጠጋ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር አየር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው፤ ማለትም በደቂቃ 2,500 ጊዜ 0.2 ሊትር፣ 500 ሊትር ማለት ነው። ሞተር ሙሉ ልኩን አይስብም፤ 80 በመቶ ብንይዝ 400 ሊትር ይሆናል። ይህ አየር በ20 ሚሊሜትር ጉሮሮ ሲያልፍ ፒስተኑ በሚስብበት ቅጽበት ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 85 ሜትር ይደርሳል። በ26 ሚሊሜትር ጉሮሮ ሲያልፍ ወደ 50 ሜትር ይወርዳል። ስድስት ሚሊሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ የቀዳዳው ስፋት ግን በ69 በመቶ አድጓል። ባጃጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በ5,000 ዙር አይሄድም። ከገበያ ሰው ጭኖ ሲነሣ፣ አሸዋ ላይ ሲገባ፣ ፍየል ሲያሳልፍ ሞተሩ 2,000 ዙር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ነዳጁን ሙሉ ብትሰጡት እንኳ ጠባቡ ወደ 34፣ ሰፊው ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ነው የሚኖራቸው። ሰፊው ጉሮሮ የሚደክመው ሹፌሩ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ነው።

ይህ ስሌት በሲሲ ብቻ ካርቡራተር መምረጥን ውድቅ ያደርገዋል። በአዋሽ ዳር ለመስኖ የሚያገለግለውን የቤንዚን ፓምፕ እዩት። የሆንዳው ጂኤክስ 200 ሞተር 196 ሲሲ ነው፤ ከባጃጁ እኩል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከ3,600 ዙር አካባቢ በላይ እንዳይሄድ በዙር ገዥ የታሰረ ስለሆነ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ከባጃጁ በጣም የጠበበ ነው። በተቃራኒው ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ወደ 145 ሲሲ ብቻ ሆኖ እስከ 7,500 ዙር ይወጣል፤ በደቂቃ የሚስበው አየር ባጃጁ ከሚስበው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ከግምት ካልገባ የሲሲ ቁጥር ያሳስታል። የቦክሰሩ ካርቡራተር አፉ ቢገጥምም መርፌውና ጄቶቹ ለፈጣን ዙር የተቀመሙ ናቸው፤ ባጃጁ ላይ ሲገባ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ደህና ይመስላል፣ ዝቅ ባለ ዙር ይንተባተባል።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር፤ ይህኛውን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። አዲስ አበባን ሲያስጌጥ የኖረው ቮልስ፣ የ1,200 ሲሲው፣ በሶሌክስ ካርቡራተር የሚተነፍሰው በ22.5 ሚሊሜትር ጉሮሮ ነበር። የ1,600 ሲሲው ቮልስ ላይ የሚታሰረው ሶሌክስ 34 ደግሞ የውስጥ ጉሮሮው 26 ሚሊሜትር ነው። በሳጥን ታሽጎ ለ200 ሲሲ ባጃጅ የሚሸጠው ልክ ለ1,600 ሲሲ ቮልስ በቅቶ ነበር ማለት ነው።

መካኒኮች ይህን ስነግራቸው "ቮልስ አራት ሲሊንደር ነው፣ አይወዳደርም" ይሉኛል። በከፊል ልክ ናቸው። አራቱ ሲሊንደሮች ግን ተራ በተራ ነው የሚስቡት፤ ጉሮሮው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንዱን ነው። 1,200 ለአራት ሲካፈል 300 ሲሲ ይሆናል። እንግዲህ ለ300 ሲሲ ሲሊንደር 22.5 ሚሊሜትር ከበቃ ለ200 ሲሲው 26 የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ከፍ ባለ ዙር ለሚሮጥ የውድድር ሞተር ሌላ ነገር ነው፤ ሦስት ሰው ጭኖ ከገበያ ወደ ካምፕ ለሚመላለስ ሞተር ግን የቮልሱ መንገድ ነው መንገዱ።

የላዳን ካርቡራተር የፈታ ሰው ደግሞ ይህን ጥበብ በሌላ መልክ አይቶታል። የኋለኞቹ ላዳዎች ሁለት ጉሮሮ አላቸው፤ አንደኛው 21 ወይም 22 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 25። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲኬድ የሚሠራው ጠባቡ ብቻ ነው፤ ሰፊው የሚከፈተው ሹፌሩ ፔዳሉን ጠለቅ አድርጎ ሲረግጥ ነው። ሠሪዎቹ ትልቅ ጉሮሮ ቀኑን ሙሉ ክፍት መሆኑ ጥፋት እንደሆነ ስላወቁ ነው ሁለት አድርገው የሠሩት። በአዲስ አበባ ታክሲነት ያን ሁሉ ዘመን የዘለቀ መኪና ላይ የነበረ ጥበብ ነው።

ትልቅ ካርቡራተር ጉልበት ይሰጣል የሚለው እምነት የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 350 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ዝነኛ የሼቭሮሌ ሞተር ለመንገድ ብቻ የሚጠቀሙ ሰዎች በደቂቃ 750 ኪዩቢክ ጫማ አየር የሚያሳልፍ ካርቡራተር ሲያስሩበት ኖረዋል። ያንኑ ሞተር በ5,500 ዙር ብታሰሉት፣ 85 በመቶ ይስባል ብላችሁ፣ ከ475 የሚበልጥ አይወጣውም። ከ500 እስከ 600 ያለው ይበቃዋል፣ ከመቆምም ቀልጠፍ ብሎ ይነሣል። እዚያም ቢሆን በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ ባለ አራት ጉሮሮው በ1.5 ኢንች ሜርኩሪ፣ ባለ ሁለት ጉሮሮው በ3 ኢንች ሜርኩሪ የግፊት ልዩነት ስለሚለካ የሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቀመጡም። እኛም ዘንድ 27 የተባለው ሁሉ 27 አይደለም። የሳጥኑ ቁጥር አንዳንዴ የጉሮሮው፣ አንዳንዴ የመግጠሚያው አፍ፣ አንዳንዴም የሞዴሉ ስም ነው። ካሊፐር ውሰዱና የጉሮሮውን ጠባብ ቦታ ራሳችሁ ለኩ። ካሊፐር የሌለው መለዋወጫ ሱቅ ካገኛችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለወረር ብቻ የሚሆን ጉዳይ አለ፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በደንብ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲወርድ ለምን እንደሚሞቅ የሚያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም፤ "የአፋር ሙቀት ነው" ይባልና ይታለፋል። ሙቀቱ ድርሻ አለው። ዋናው ምክንያት ግን ከፍታው ነው።

የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በጽሑፎቹ የሚያሰፍራትን 740 ሜትር የምትል ቁጥር መካኒክ ሁሉ በቃሉ ሊይዛት ይገባል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 760 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ 925 ገደማ ነው። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እናስላ። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ፣ ወረር 38 ዲግሪ ብንል፣ ሙቀቱ ተቀንሶ እንኳ የወረር አየር ከአዲስ አበባው በ15 በመቶ ያህል የከበደ ነው። ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ጨመረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱ እዚህ መጨመር ነበረበት። የሚጨምረው ግን ቤንዚኑ አብሮ ከተመጣጠነ ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ በከበደ ቁጥር ቤንዚኑን በእኩል አያሳድግም፤ የሚያሳድገው በካሬ ሥሩ ነው። አየሩ 15 በመቶ ሲጨምር ቤንዚኑ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። ድብልቁ በ7 በመቶ ያህል ደረቅ ሆነ ማለት ነው።

ደረቅ ድብልቅ ይሞቃል። ካንዴላው ነጭ ይሆናል፣ ነዳጁን ስትለቁት በማርሚታ ይተኩሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ሲቆይ የማስወጫውን ባልቦላ ያቃጥላል። አዲስ አበባ ያለው መካኒክ ነዳጅ እንዲቆጥብ ብሎ ጄቷን አንድ ደረጃ አሳንሶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እዚያ ተገቢ ሥራ ነው የሠራው፣ እዚህ ሲወርድ ግን ሞተሩን የሚያስቀጣ ይሆናል። ሹፌሩ "ጉልበት አጣ" ብሎ ወደ ሱቅ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሰፊ ካርቡራተር ሲታሰርለት ከነሳጥኑ የመጣው ጄት ሰፋ ያለ ስለሆነ ድብልቁ ይረጥባል፣ ሞተሩ የተሻለው ይመስላል፣ ሁሉም በጉሮሮው ስፋት ያመካኛሉ። ያሻለው ግን ቤንዚኑ ነው። ያ ቤንዚን በድሮው ካርቡራተር ላይ አንዲት ጄት በመቀየር ይገኝ ነበር።

በሶሌክስና በዌበር ካርቡራተሮች የጄቷ ቁጥር የቀዳዳዋ ልክ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ከ125 ወደ 130 ብትሄዱ የቀዳዳዋ ስፋት 8 በመቶ ያድጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ወረር ለሚወርድ ሞተር የሚያስፈልገው ለውጥ ይህን ያህል ነው፣ አንድ ደረጃ። የሌሎች ፋብሪካዎች አቆጣጠር ይለያይ ይሆናል፤ አንድ ደረጃ ከፍ የማድረጉ ሐሳብ ግን ያው ነው። ለአንዲት ጄት የሚወጣው ገንዘብ ከካርቡራተሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለዚህ ነው የሚሸጣት ሰው የማይገኘው፤ ትርፍ የላትም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካላችሁ የጄቷን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩት፣ ሁለትና ሦስት ተከታታይ ልክ ያምጣላችሁ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ጄት አታስበሱ። ስፒል ወይም የመዳብ ሽቦ ከትቶ "ትንሽ ከፈት አደረግኩልህ" የሚል መካኒክ ካያችሁ ዕቃችሁን ተቀበሉት። ያቺ ቀዳዳ በመቶኛ ሚሊሜትር ነው የምትሠራው፤ በእጅ የተጎረጎረች ጄት ዳግም ልክ የላትም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መካኒክ ሁሉ በእሷ ቁጥር እየተሳሳተ ይኖራል።

ሙቀቱ የራሱ ሥራ አለው። ቤንዚን ውስጥ ያሉት ቀላሎቹ ክፍሎች ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ፤ የወረር ቀትር ማለት ነው። እየሄደ ያለ ሞተር ብዙም አይቸገርም፤ አዲስ ቤንዚን እየገባ ያቀዘቅዘዋል። ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ግን የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ይወጣል፣ ፍሎቱ ቤት ያለው ቤንዚን ይፈላና በጄቷ አልፎ ማኒፎልዱ ውስጥ ይፈሳል። ሹፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሞተሩ አልነሣ ይለዋል። ቾክ ስቦ ይሞክራል፣ ይብስበታል፤ የታመመው በቤንዚን ብዛት ነውና። ነዳጁን ሙሉ ከፍቶ ያለ ቾክ ማስነሣት ነው መፍትሔው። በካርቡራተሩና በሞተሩ መሃል ያለችውን ወፍራም የባክላይት መለያ ደግሞ ማንም እንዳያወጣባችሁ፤ ሙቀቱን የምትከለክለው እሷ ናት። ትልቁን ካርቡራተር ለማስገባት ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትጣለው እሷ መሆኗ ያሳዝነኛል። ቤንዚን የምታመላልሰው ጎማም ከማርሚታው ትራቅ። ባጃጁን በፕሮሶፒስ ዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ገንዘብ አያስወጣም፣ ግን የሚጠቅም ነገር ነው።

ከፊልትሮው ጋር ያለውን ጉዳይ አጭር ላድርገው። "እንዲተነፍስ" ተብሎ ፊልትሮ የሚወልቅበት ቦታ የእርሻው አቧራ እንደ ዱቄት በደቀቀበት በወረዳችን በአሚባራ መንገድ ላይ ሲሆን ዝም ማለት አልችልም። ፊልትሮው የልኩ አንድ አካል ነው፤ ሲወልቅ ድብልቁ ይደርቃል፣ አቧራው ፋሻውን ይበላል። አጽዱት፣ አትጣሉት።

ሞተራችሁ ጉሮሮው ሰፍቶበት እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ አለ። ባዶውን፣ ሜዳ አስፋልት ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አትሞክሩት፤ መካኒኩ የሚሞክረው እንደዚያ ነው፣ በዚያ ሙከራ ትልቁ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ሦስት ሰው ጫኑና ከመቆም ተነሡ። ነዳጁን ድንገት ስትሰጡት ታፍኖ ዝም ካለ፣ ስትቀንሱለት ደግሞ ከተነፈሰና ከሄደ ጉሮሮው በዝቶበታል። ቀጥሎ ቾኩን በትንሹ ሳቡት፤ ከተሻለው ድብልቁ ደርቋል፣ ከባሰበት ረጥቧል። ከዚያ ካንዴላውን አንብቡ። ረጋ ባለ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ጫን አድርጋችሁ ንዱ፣ ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አጥፉት፣ በሚኒሞ እንዲንተከተክ አትተዉት። ፈታችሁ እዩት፦ ነጭ ከሆነ ደርቋል፣ ጥቀርሻ ከያዘ ረጥቧል፣ የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ደህና ነው። በሚኒሞ ቆይቶ የጠፋ ሞተር ካንዴላ የሚነግራችሁ ስለ ሚኒሞ ብቻ ነው፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚነበበው ያ ነው።

የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ሩቡን፣ ግማሹንና ሦስት ሩቡን በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ችግሩ ከሩብ በታች ከሆነ ሚኒሞውና ትንሿ ጄት ናቸው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ከሆነ የመርፌው ከፍታ ነው፤ መርፌው ላይ ያለችውን ቅንጥብ ወደ ታች ስታወርዷት መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚኑ ይጨምራል። ሙሉ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ትልቋ ጄት ናት። ይህን የለየ ሹፌር ለመካኒክ "ጉልበት አጣ" አይልም፤ "ግማሽ ላይ ይደርቃል" ይላል። እንዲህ ብሎ የመጣን ሰው ማንም ትልቅ ካርቡራተር አይሸጥለትም።

በቫኩም የሚነሣ ፒስተን ያለው ካርቡራተር ካላችሁ፣ ጥቂት ትልቅ ቢሆንም ሞተሩ የፈለገውን ያህል ብቻ ስለሚከፍት ይቅር ይላችኋል። በገመድ በቀጥታ የሚከፈተው ግን አይምርም። መቀየር ግድ ከሆነባችሁ፣ ማለትም አሮጌው አካሉ ተሰንጥቆ ወይም ተንሸራታቹ ተበልቶ አየር የሚያስገባ ከሆነ፣ የፋብሪካውን ልክ ፈልጉ። እሱ ከጠፋ በጉሮሮ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አትንኩ። በሁለት ልኮች መሃል ከተቸገራችሁ ትንሹን ውሰዱ። ትንሹ የሚወስድባችሁ ከላይኛው ዙር ጥቂት ፍጥነት ነው፣ እሱን ባጃጅ መንገድ ላይ አትፈልጉትም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አሮጌውን አስፈትሹ። ባልቦላው ልኩ ላይ ነው ወይ፣ ኮምፕረሽኑ አለ ወይ፣ ማኒፎልዱ ላይ አየር የሚያስገባ ጎማ አለ ወይ? ኮምፕረሽን ለጠፋበት ሞተር ካርቡራተር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፣ እኛም እያወቅን እንሸጣለን።

አሁን ይህን የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ህንድም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሥራ ላይ ባዋለችው የጭስ ደንብ የባጃጅ ቤንዚን ሞተሮች ወደ ኢንጀክሽን ሄደዋል። ካርቡራተር ያላቸው ሞተሮች በእኛ መንደሮች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ የእነሱ ዋና ዕቃ ግን እየሳሳ ይሄዳል። የዛሬው አሮጌ ካርቡራተር ነገ የሚፈለግ ይሆናል። ተጎርጉሮ ከተበላሸ ግን ማንም አይመልሰውም።

ከወረር ወደ አዲስ አበባ ለጥገናም ሆነ ለሽያጭ ሞተር የምትወስዱ ሰዎች ደግሞ ወደ ላይ ስትወጡ ነገሩ እንደሚገለበጥ አስቡ። እዚህ ልክ የነበረችው ጄት እዚያ ትረጥባለች፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ገዢውም ሞተሩ ዘይት ይበላል ብሎ ዋጋ ይቀንስባችኋል። የድሮዋን ጄት በወረቀት ጠቅልላችሁ ሊብሬው ውስጥ አስቀምጡ፤ አዳማን ሳታልፉ መልሷት።